መስታወት ውስጥ የተቆለፈው ኮንቨርተር

ተማሪዎቿ «ፊውዝ» ይሏታል። ከጀርባዋ ነው እንጂ ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ! ስሙን ያወጡላት በክፋት አይደለም፤ ቁጣዋ አፍንጫዋ ላይ ስለሆነ ነው። ተማሪ ማብሪያውን ሳያጠፋ እጁን ወደ ሽቦ ሲሰድ ካየች ድምጿ ላቦራቶሪውን አልፎ፣ ኮሪደሩን አልፎ፣ ጫፍ ላይ ያሉትን የሒሳብ ሠራተኞች ከወንበራቸው ያስነሳል። ስሙን የሰማች ቀን ግን አልተቆጣችም። «ፊውዝ የሚቃጠለው ቤቱ እንዳይቃጠል ነው፤ ደግ አደረጉ» ብላ ሳቀች አሉ።

ሙያው ውስጥ የገባችው በግድ ነው፤ በራሷ ግድ። በወጣትነቷ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ስትገባ በክፍሉ ውስጥ ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ወንዶቹ ሞተር ሲፈቱ ለእሷ ባትሪ ያሲዟታል፤ «አንቺ አብሪልን» ይሏታል። አንድ ቀን ታከታትና ባትሪውን አጥፍታ ኪሷ ከተተችው። «እንግዲህ በዳበሳ ፍቱት!» ብላ ጨለማው ውስጥ ጥላቸው ወጣች። ከዚያ ወዲህ አብሪልን ያላት ሰው የለም።

ትምህርቷን ጨርሳ እዚያው ኮሌጅ በመምህርነት በተቀጠረች ሰሞን እናቷ ሞተች። ታናሽ እህቷ ገና ፊደል ቆጥራ መጨረሷ ነበር። እንግዲህ እህትም እናትም ሆና ያሳደገቻት እሷው ናት። ፀጉሯን ሠርታ፣ ደብተሯን ይዛላት፣ ወጥ እያማሰለች ክፍልፋይ እያስጠናቻት አደረሰቻት። ታናሺቱ ደግሞ ጭምት ልጅ ነበረች። ብርጭቆ እንኳ ስታነሳ በሁለት እጇ ነው። አድጋ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ በላይ በላዩ ተማረች፣ በመጨረሻም የኤሌክትሪክ ክፍሉ ኃላፊ ሆና ወደዚያው ኮሌጅ መጣች። ፊውዝ ያን ሰሞን ደስታዋን የምታደርግበት ጠፍቷት ነበር። ላገኘችው ሁሉ፣ «ንፍጧን የጠረግኩላት ልጅ አለቃዬ ሆና መጣች እኮ!» ትል ነበር።

በእህትማማቾቹ መካከል አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ። ቤት ውስጥ ታናሺቱ «እትዬ» ትላታለች። ሥራ ቦታ ሰው ፊት «መምህርት» ትላታለች። ነገር ሲከርር ደግሞ «እርስዎ» ትላታለች። ይቺ «እርስዎ» ከስድብ ትከፋለች።

ጣጣው የመጣው ኮሌጁ አዲስ የማስተማሪያ ዕቃ ሲያስገባ ነው። ዕቃው ኮንቨርተር ይባላል። ከግድግዳው የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ሞተሩ በሚፈልገው መጠንና ዓይነት ቀይሮ ይሰጣል፤ የውሃ ፓምፕንም ሆነ ሊፍትን ቀስ አድርጎ የሚያስነሳው፣ ቀስ አድርጎ የሚያቆመው እሱ ነው። ለትምህርት የተሠራው ይሄኛው ሳጥን ሆድ ዕቃው እንዲታይ ክዳኑ እንደ ውሃ የጠራ ነበር። አብሮት ሶፍትዌር መጣ። ሳጥኑን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ያገናኙታል፤ ከዚያ ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ ማስነሳት፣ ማቆም፣ ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ ቮልቱና አምፔሩ የት እንደደረሰ በሞገድና በቁጥር መከታተል ነው።

ሶፍትዌሩ ሁለት መንገድ ነበረው። «ቀጥታ» የሚለውን ሲመርጡ ከሳጥኑ ጋር ይነጋገራል። «ልምምድ» የሚለውን ሲመርጡ ግን ሳጥኑ ኖረ አልኖረ ጉዳዩ አይደለም፤ ከራሱ ፈጥሮ ሞገዱንም ቁጥሩንም ይስላል።

ፊውዝ ዕቃው በገባ ማግሥት ጠዋት እጅጌዋን ሰብስባ ነው የመጣችው። ላቦራቶሪ ገብታ ብትፈልግ ሳጥኑ የለም። ስትወጣ በእህቷ ቢሮ በር ላይ አዲስ የመስታወት ቁምሳጥን አየች። ሳጥኑ እላዩ ላይ መብራት በርቶለት፣ ተቆልፎበት ተቀምጧል።

«ይሄ ምንድነው?» አለች ቢሮው ውስጥ አንገቷን አስግጋ።

«ዕቃው ነዋ፣ እትዬ።»

«ዕቃ መሆኑንማ አየሁ። የሙሽራ ሽልማት ነው እንዴ መስታወት ውስጥ የሚገባው?»

ታናሺቱ ተነስታ በሩን ዘጋች። «የፊተኛው ሲቃጠል የደረሰብኝን ታውቂያለሽ። ልጆቹ በልምምዱ ይማሩ። ሞገዱም አለ፣ ቁጥሩም አለ። ምን ይጎድላል?»

እውነት ነው፣ በእባብ የተነደፈ በልጥ ይበረግጋል። ኃላፊ በሆነች በማግሥቱ ማለት ይቻላል፣ አንድ ተማሪ ገመድ አገላብጦ አስሮ የድሮውን ዕቃ አጭሶት ነበር። ያኔ የበላዮቿ እሷን ከቢሮ ቢሮ እየጠሩ አንጀቷን አሳርረዋታል። ሹመቷም ለጥቂት ነው የተረፈው። ፊውዝ ይህን ስለምታውቅ ያን ቀን ምላሷን ነከሰች። «ዋና በሳፋ አስተምሮ ባሕር መልቀቅ ነው!» ብላ እያጉረመረመች ሄደች።

ዓመቱን ሙሉ በልምምዱ አስተማረች። ተማሪዎቹ ስክሪኑን እንደ ጨዋታ ወደዱት። እንግዳ ሲመጣ ቁምሳጥኑ አጠገብ ፎቶ ይነሳል፤ የልጆቹን ውጤት አይቶ ይደነቃል። እሷ ግን በዚያ ኮሪደር ባለፈች ቁጥር ደሟ ይፈላ ነበር።

ካስመረቀቻቸው መካከል ቁመቷ ከበሩ ጉበን የሚስተካከል፣ ጓደኞቿ «ቀጭኔ» የሚሏት ልጅ ነበረች። ከክፍሉ አንደኛ ወጥታ በአንድ የውሃ ፓምፕ ጣቢያ ተቀጠረች። ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ላቦራቶሪው በር ላይ ቆማ ተገኘች። ቀኝ እጇ እስከ አንጓዋ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ ልጅ?»

«ኮንቨርተር ያዘኝ፣ ቲቸር።»

ፊውዝ ወንበር ስባ አስቀመጠቻት። ቀጭኔ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነገረቻት፦ «ከስክሪኑ ላይ ማቆሚያውን ተጫንኩ። ዋናውንም አጠፋሁ። ከዚያ የላላ ገመድ ላጠብቅ ክዳኑን ከፍቼ እጄን ሰደድኩ። እኛ ስንማር ማቆሚያውን ስንጫን ቁጥሩ ወዲያው ዜሮ ይል ነበር። ዜሮ ነው ብዬ እኮ ነው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የእውነተኛው ኮንቨርተር ሆድ ውስጥ ካፓሲተር የሚባሉ ወፍራም ቆርቆሮዎች አሉ። ውሃ ቢቋረጥም በርሜሉ እንደማይደርቅ ሁሉ፣ መብራቱ ቢጠፋም እነሱ ያጠራቀሙትን ይዘው ይቆያሉ። ስለዚህ መጠበቅ፣ ከዚያም በቴስተር ለክቶ ማረጋገጥ ግድ ነው። የልምምዱ ሶፍትዌር ግን ይሄን አያውቅም። ማቆሚያው ሲነካ ቁጥሩ በቢላ እንደተቆረጠ ዜሮ ላይ ይወድቃል። ፊውዝ በአፏ ነግራቸው ነበር። ነገር ግን በጆሮ አንዴ የገባውን፣ ዓይን መቶ ጊዜ ያየው ይሽረዋል።

«ሁለቱ ጣቶች አይታጠፉም ብለውኛል» አለች ቀጭኔ። «ጣቢያው ደግሞ በግዴለሽነት ሊያባርረኝ ነው። ነግረውን ነበር፣ ቲቸር፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ፊውዝ እስከዚህ ድረስ ችላ ነበር። ይቺን የመጨረሻዋን ስትሰማ ግን የሆነ ነገር ደረቷ ውስጥ ተበጠሰ።

«ሁለተኛ ጥፋቱ የኔ ነው እንዳትዪ! ሰማሽ? ሁለተኛ እንዳልሰማሽ!»

እሳት ለብሳ፣ እሳት ጎርሳ እህቷ ቢሮ ገባች። የተፈጠረውን ነገረቻት። መንገር አይባልም፤ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ታናሺቱ ፊቷ ክው አለ። ብዕሯን አስቀምጣ መልሳ አነሳችው።

«በጣም ያሳዝናል» አለች ቀስ ብላ።

«ማዘኑን ለቤትሽ አቆይው። የቁምሳጥኑን ቁልፍ ስጪኝ።»

«እትዬ፣ እሱ በአንድ ሰው ቃል የሚሆን ነገር አይደለም። ለበላይ ጥያቄ ይቀርባል፣ ከዚያ...»

«የልጅ እጅ ተበልቷል እኮ ነው የምልሽ!»

«ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፣ መምህርት» አለች ታናሺቱ።

ወጥ እያማሰለች ያስጠናቻት ልጅ «ያድርጉ» አለቻት። ፊውዝ ወጣች፤ በሩን ግን እንዲህ አድርጋ ደረገመችው፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ቆመ ይላሉ።

በማግሥቱ ክፍል ሰዓቷ ሲደርስ ተማሪዎቿን አስከትላ ወደ ኮሪደሩ ሄደች። ከጋዋኗ ኪስ ካቻቪቴ አወጣች። ቁልፉን አልነካችም፤ መስታወቱንም አልሰበረችም። የበሩን ማጠፊያ ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታች፤ በሩን ከነቁልፉ አንስታ ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ሳጥኑን እንደ ሕፃን ታቅፋ ላቦራቶሪ ገባች። ኬብሉ ከነላስቲኩ ነበር፤ ማንም ከፍቶት አያውቅም። በጥርሷ ቀደደችው።

«ቀጥታ» የሚለውን መረጠች። ሞተሩ ጉርርር ብሎ ተነሳ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ሞገድ ግን የለመዱት ዓይነት አልነበረም፤ ጫፉ የተንጨባረረ፣ እዚህም እዚያም እሾህ የበቀለበት ነበር።

«ቲቸር፣ ይሄ ሞገድ ፀጉሩን አልተበጠረም?» አለ ከኋላ አንዱ ቀልደኛ። ክፍሉ ሳቀ።

«ሜካፑ ሲታጠብ እንዲህ ነው» አለች እሷ ሳትስቅ። «እስከ ዛሬ ያያችሁት ሥዕል ነው። ይሄ ኤሌክትሪክ ነው። አሁን እጃችሁን ኪሳችሁ ክተቱ።»

ማቆሚያውን ተጫነች፤ ዋናውንም አጠፋች። ሞተሩ ቆመ። ቁጥሩ ግን ከሦስት መቶ ቮልት በላይ ነው። ከዚያ እንደ አዛውንት ደረጃ አወራረድ፣ አንድ ዝቅ፣ እረፍት፣ አንድ ዝቅ እያለ ይወርድ ጀመር።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ። የክፍሉ ኃላፊ ናት።

«መምህርት፣ ማን ፈቀደልዎ?»

«የቀጭኔ እጅ።»

«ዕቃው ቢቃጠልስ? ማን ሊጠየቅ ነው?»

«ይቃጠላ!» ድምጿ መስኮቱን አንቀጠቀጠው። «ይቃጠል! ዕቃ አይደል? ይጠገናል፣ ካልሆነ ይጣላል። የጣት መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱቅ ታውቂያለሽ? ካወቅሽ ንገሪኝና ልሂድ!»

ታናሺቱ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፍታ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ አረፈ። ሞተሩ ከቆመ ቆይቷል፤ ቁጥሩ ገና ከመቶ በላይ ነው። አፏን ዘጋች። እዚያው በሩ ላይ እንደቆመች ቁጥሩ ወርዶ፣ ወርዶ እስኪያልቅ አየችው። ከዚያ ዞራ ሄደች።

ጉዳዩ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ዘንድ ቀረበ። ፊውዝ እዚያም አልበረደችም፤ «ልጅ ማስተማር ካልፈለጋችሁ ቁምሳጥኑን አስተምሩት!» ብላቸው ወጣች። ማስጠንቀቂያ ሰጧት፤ ላቦራቶሪውንም ቀምተው የጀማሪዎችን የቴክኒክ ሥዕል ትምህርት፣ ደረጃ ሥር ባለች ሙቅ ክፍል ውስጥ እንድታስተምር መደቧት። ይሄን ሁሉ ሲወስኑ እህቷ እዚያው ተቀምጣ ነበር። አንዲት ቃል አልተነፈሰችላትም።

ፊውዝን ያነደዳት ይሄ ብቻ አይደለም። ታናሺቱ ሳጥኑን ወደ ቁምሳጥኑ አልመለሰችውም። ልምምዱ ለጅማሬ ብቻ እንዲሆን፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም በቀጥታው እንዲማር ራሷ ወሰነች፤ ሌላው መምህር ሁሉ ሲፈራ ክፍሉን ራሷ ያዘችው። የኮሌጁ ሰው «ኃላፊዋ ጎበዝ ናት፣ ትምህርቱን አሻሻለችው» ይል ጀመር።

«ሐሳቤን ወሰደች፣ ስሜን ተወች!» እያለች ፊውዝ በሙቋ ክፍል ውስጥ ትንጨረጨር ነበር።

ቀጭኔን ግን አልተወቻትም። ከእሷ ጋር ፓምፕ ጣቢያው ድረስ ሄዳ ሥራ አስኪያጁን አፋጠጠችው። «ምን ብለን አስተማርናት ብለህ እኔን ጠይቀኝ እንጂ እሷን ምን አድርጊ ትላታለህ?» አለችው። ሰውየው መጀመሪያ ተኮሳተረ፣ ቀጥሎ ተሰላቸ፣ በመጨረሻ ልጅቷ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ስክሪን እየተከታተለች እንድትሠራ ተስማማ። ጣቶቿ አልታጠፉም። በግራ እጇ መጻፍ ተለማመደች።

እህትማማቾቹ ለረጅም ጊዜ አልተነጋገሩም። ኮሪደር ላይ ሲገናኙ አንደኛዋ ግድግዳ ታያለች፣ ሌላዋ ጣሪያ። እንዲህ እያሉ ቆይተው አንድ ቀን ፊውዝ የሥዕል ወረቀት እያረመች ስልኳ ጮኸ።

«እትዬ» አለ ድምፁ፤ ከኋላው የሞተር ጉርምርምታና የተማሪ ንትርክ ይሰማል። «አምፔሩ እየዘለለ አስቸገረኝ። ሶፍትዌሩን ዘግቼ ከፈትኩት፣ ያው ነው።»

ፊውዝ ስልኩን ልትወረውረው ቃጥቷት ነበር።

«ሶፍትዌሩ ምን አደረገሽ?» አለች በመጨረሻ። «የሞተሩ ገመድ ብሎን ላልቶ ነው። አጥፍተሽ፣ ለክተሽ፣ አጥብቂው።» እህቷ «አመሰግ...» ስትል ዘጋችባት።

ወረቀቶቹን መልሳ አነሳች። አንድ ገጽ እንኳ ሳታርም መልሳ ደወለች።

«እጅሽን ከመስደድሽ በፊት ቀለበትሽን ደግሞ አውልቂ!» ብላ ጮኸችና እንደገና ዘጋችው።