የቨርና የስንብት ኬክ

ይቅርታ አድርጉልኝ፤ መጻፍ የእኔ ነገር አይደለም፣ ትምህርትም ብዙ አልገፋሁም። ግን ቨርና ጎረቤቴ ናት፣ አብረንም የጀልባ ሽፋን እንሰፋ ነበር፤ የሷን ነገር ዝም ብል ያንቀኛል።

እኛ ሚኒሶታ ክፉ ወሬ ሰው ፊት መናገር አይሆንልንም። አለቃችን ኦርቪል ሊያሰናብታት ወደ ስፌት ማሽኗ መጥቶ ስለ በረዶው አወራ፣ ስለ ዓሣ አወራ፣ ስለ እናቱ ጉልበት አወራ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። አሳዘናትና፣

«ሥራ ቀንሶ ነው አይደል? በቃ እሄድልሃለሁ፣ አትጨነቅ» አለችው።

«ተባረኪ» ብሎ ሚስቱ የጋገረችውን ኬክ ከመኪናው አወጣ። ሁላችንም በላን። የተረፈውን ከነትሪው ለቨርና ሰጣት።

የሥራ አጥ አበል ስትጠይቅ ግን «በገዛ ፈቃድሽ ነው የለቀቅሽው» ተብላ ተከለከለች። ኦርቪል ሲጠየቅ እንደዚያ ብሎ ኖሯል፤ ያለችውን ነው የተናገርኩት ባይ ነው። ክረምቱ ጠንክሯል። ማሞቂያ የምትከፍልበት ካጣች ቤቷን ዘግታ እህቷ ዘንድ ልትገባ ነው፤ እህትማማቾቹ ደግሞ አንድ ምሳ እንኳ ሳይጣሉ አይጨርሱም። ይግባኝ አለች፤ እኔን ምስክር አድርጋ።

ችሎቱ በስልክ ነው፤ ዳኛዋም ኦርቪልም መስመሩ ላይ ናቸው። ስልኩን በቨርና ማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን አጎነበስንበት።

«‹እሄድልሃለሁ› ብለውታል?» አለቻት ዳኛዋ።

«ብዬዋለሁ።»

አለቀልን አልኩ በሆዴ።

«ምስክር፣ የሚጨምሩት አለ?»

የመጣልኝን አልኩ። «ኬኩ ጥሩ ነበር።»

ቨርና በጠረጴዛው ሥር ረገጠችኝ።

«የምን ኬክ?»

«የስንብት።»

«አቶ ኦርቪል፣ ኬኩ መቼ ተጋገረ?»

«በዋዜማው ማታ፣ ክብርት ዳኛ።»

«እሳቸው እሄዳለሁ ያሉት በማግስቱ ነው። ማንን ለማሰናበት ነው ታዲያ ያስጋገሩት?»

«እሷኑ። በባዶ እጇ መስደዱ ከብዶኝ ነው።»

«አይዞህ ኦርቪል» አለች ቨርና፣ እሷው አጽናኝ ሆና።

ስልኩ ሲዘጋ ሳቅ ያዘን፤ እሷ ወንበሩን ተደግፋ፣ እኔ ወለሉ ላይ።

ውሳኔው በሳምንቱ መጣ፤ ፈርደውላታል። ማሞቂያውን ከፍ አድርጋ፣ ሹራቧን ወርውራ በካልሲ ጨፈረች። እኔንም ጎትታ አስጨፈረችኝ፤ እኔን እንኳን ጭፈራ ሰላምታም ያሳፍረኛል።

ትሪው ግን እሷው ጋ ነበር። ተናዳ አልመልስም ብላ ነው እንጂ የሰው ዕቃ እኛ ዘንድ አይቀርም፤ ባዶውንም አይመለስም። በማግስቱ ጠዋት የፖም ኬክ ጋግራበት ኦርቪል በር ላይ ቆመች። እሱ ስለ በረዶው ጀመረላት።

«የእናትህ ጉልበትስ እንዴት ሆነ?» አለችው።