ሁለቴ ብቻ ያለቀለቀቻቸው ጠርሙሶች

እኔ ሰው ማመስገን አይሆንልኝም። የቤተ ሙከራው ዕቃ ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ የለመድኩት የጎደለውንና የተሰበረውን መፈለግ ነው። በጠርሙስ አጣቢያችን ላይ ግን አንድ ቀን እንኳ እንከን አላገኘሁም። «ሰባቴ» ነበር የምንላት። በሳሙና ያጠበችውን ጠርሙስ ሰባት ጊዜ ካላለቀለቀች ከእጇ አይወጣም። «ምነው፣ ልትድሪው ነው እንዴ?» ስላት፣ «አንተን ግን ሰባቴም አያነጻህ» ትለኛለች። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ስንነካከስ ኖርን።

ጠርሙሶቹ ውስጥ የወባ ተሕዋስ ይራባል። የምታራባው ወጣት ተመራማሪ ስድስት ዓመት የለፋችው በአንድ ኤንዛይም ላይ ነው። ለሰባቴ ስታስረዳት ሰምቻለሁ፦

«እትዬ፣ ተሕዋሱ ውስጥ የሚያረጅ ፕሮቲን አለ። ይሄ ኤንዛይም ዩቢኩዊቲን የሚባል ትንሽ ምልክት ይለጥፍበታል፤ ‹ይሄ ይጣል› እንደ ማለት። ምልክት ያለው ተሰባብሮ ይወገዳል። ኤንዛይሙን የሚይዝ መድኃኒት ካገኘሁ፣ ተሕዋሱ ቆሻሻው ውስጥ ታፍኖ ይቀራል፤ አያድግም፣ ይሞታል።»

«በይ ያዥልኝ! ቆሻሻ የማይጣልበት ቤትማ ምን ይኖራል?» አለቻት ሰባቴ። ሰባቴ አልወለደችም፤ ይህችን ልጅ እንደ ወለደቻት ነበር የምታያት። ልጅቷም ምሳዋን ማጠቢያ ክፍል ገብታ፣ ጠባቧ አግዳሚ ወንበር ላይ ከእሷ ጋር ነበር የምትበላው።

አንድ ማክሰኞ ከጎረቤት ስልክ ተደወለ። የሰባቴ ባል ኩሽና ውስጥ ወድቋል። በእጇ ላይ የነበረውን አንድ ሳጥን ጠርሙስ ሁለቴ ብቻ አለቅልቃ ማድረቂያው ላይ ደፋችውና ሮጠች። በሕይወት አልደረሰችበትም።

በሳምንቷ ሥራ ስትገባ ልጅቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ከዚያ ግን ደስታዋ አላስችል አላት።

«ይቅር በይኝ እትዬ፣ ዛሬ የሚወራ አልነበረም… ሞቱ! መድኃኒቱን የጨመርኩባቸው በሙሉ ሞቱልኝ!»

ሰባቴ እንባዋን ጠርጋ ሳመቻት።

ልጅቷ ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ ውጤቱ ያው ነው። ግኝቷን በትልቅ ስብሰባ ላይ ልታቀርብ ሳምንት ሲቀራት ሰባቴ አንድ ጠርሙስ ይዛ እኔ ዘንድ መጣች። ከዚያ ከማክሰኞው ሳጥን የተረፈ ነው። ውኃ ጨምራ ነቀነቀችው፤ አረፋ ሞላ።

«መድኃኒት የገባባቸውን ሁሉ በዚህ ሳጥን ጠርሙስ ነው የሠራችው» አለች። «መድኃኒት የሌለባቸው ከድሮው መደርደሪያ ናቸው። የገደላቸው ሳሙናዬ ነው።»

እውነቷን ነው። አፌ ያወጣው ግን ይህን ነው፦ «ዝም በይ አንቺ ሴትዮ። ዝም አይነቅዝም።»

«ይሄኛው ይነቅዛል ወንድሜ። ነገ የታመመ ሰው ያድነኛል ብሎ ሲውጠውስ?»

ሄዳ ነገረቻት። ልጅቷ አልጮኸችም። ሙከራውን በንጹሕ ጠርሙስ ደገመችው፤ በአራተኛው ቀን ማይክሮስኮፕ ሥር ስታያቸው ተሕዋሶቹ መድኃኒቱ መሐል እንደ ልባቸው ይባዛሉ። ስድስት ዓመት ውኃ በላው። «ደግ አደረግሽ እትዬ፣ ማንም ይሳሳታል። ያን ቀን ደግሞ አንቺ…» አለቻት። አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። ቢወጣት ይሻል ነበር እላለሁ እኔ።

ሰኞ ጠዋት ማጠቢያ ክፍል ስገባ ልጅቷ እጅጌዋን ሰብስባ ጠርሙሶቿን ራሷ ታጥባለች። ሰባቴ አጠገቧ ቆማለች።

«አምጪ ልጄ፣ እኔ ልጠብልሽ።»

«ግድ የለም እትዬ፣ አትድከሚ።»

ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም። ሰባቴ ውኃ ያልነካቸውን እጆቿን በሽርጧ ትጠራርጋለች። ባሏን ቀብራ ስትመለስ እንኳ እንዲህ ያለ ፊት አላየሁባትም።