እትዬ ፍሬን ስትስቅ

መኪና መንዳት የምታስተምረውን ሴትዮ ሰፈሩ የሚያውቃት «እትዬ ፍሬን» በሚለው ቅጽል ስሟ ነው። ያወጡላት ተማሪዎቿ ናቸው። ከተሳፋሪው ወንበር ፊት የራሷ ፍሬን አላት፤ እሱን ስትረግጥ ተማሪው መሪውን አቅፎ ይቀራል፤ እሷም ትስቃለች። ሳቋ ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ መስኮት ተዘግቶ እንኳ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ባለሱቅ ያስቀዋል።

ሦስተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ግን ያ ሳቅ ጠላት ሆነባት። ስትስቅ ሽንት ያመልጣታል። ስታስነጥስም፣ መኪናው ጉብታ ላይ ሲነጥርም ያው ነው። ለማንም ትንፍሽ አላለች። ጥቁር ቀሚስ ብቻ መልበስ ጀመረች፣ ወንበሯ ላይ ላስቲክ አነጠፈች፣ መጸዳጃ ቤት ያላቸውን ነዳጅ ማደያዎች በሙሉ በቃሏ ያዘች። ቀልደኛ ተማሪ ሲመጣባት «ዝም ብለህ ንዳ!» ትለዋለች። ባሏ ወደ ማምሻው «ዳገቱን በእግራችን እንውጣ» ሲላት ራሷን ያማታል።

አንድ ቀን አንዲት ነርስ ልትማር መጣች። የሲስተር እጅ ለመርፌ እንጂ ለመሪ አልተፈጠረም። ጉብታ ፊቷ ድቅን ሲል ፍሬን የረገጠች መስሏት ነዳጁን ረገጠችው። መኪናዋ ተስፈንጥራ ወጣች፣ ተስፈንጥራ ወረደች። ሲስተርም ከድንጋጤዋ ብዛት ጉብታውን «ይቅርታ!» አለችው።

እትዬ ፍሬን ይህን እንዴት ትቻለው? ሳቋ ፈነዳ። «ወይኔ፣ ወይኔ» እያለች ቀሚሷን ጨበጠች፤ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ሲስተር መኪናዋን እንደምንም ዳር አስያዘችና ላስቲኩን አየች።

«እትዬ፣ ያመልጥዎታል እንዴ?»

«ምኑ?»

«ሽንት ነዋ።»

«አንቺ ልጅ፣ መንገዱን እዪ!»

«ቆመናል እኮ።»

እንደገና ሳቅ።

ሲስተር የምትሠራበት ሆስፒታል እንዲህ ያለ ችግር ባለባቸው ሴቶች ላይ ጥናት ጀምሮ ነበር። ፊኛንና ማህፀንን ከሥር ደግፎ የሚይዝ ጡንቻ አለ፤ ወሊድ ያላላዋል። ጥያቄው ይህን ጡንቻ የሚያጠነክረውን እንቅስቃሴ በቡድን መሥራት ይሻላል ወይስ ቤት ውስጥ ለብቻ የሚል ነው። ሲስተር እትዬ ፍሬንን አግባብታ አስመዘገበቻት፤ ዕጣ ሲወጣም በቡድን መሥራት ደረሳት።

በመጀመሪያው ቀን ሴቶቹ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ሆነው ምንጣፍ ላይ ተኝተዋል፤ ሁሉም ኮርኒሱን ያያሉ፣ ማንም ማንንም አያይም። ያመለጠው እንዲለካ እያንዳንዷ አስቀድሞ የተመዘነ ሞዴስ አድርጋለች።

«ፈስ እንደምትይዙ አድርጋችሁ ጭምቅ!» አለች አሠልጣኟ። «ያዙት… ያዙት… አሁን ልቀቁ!»

ጥግ ላይ የተኙ ጡረተኛ የሒሳብ መምህርት ትእዛዙን ቃል በቃል ፈጸሙ። ድምፁ ግድግዳውን ዞሮ ተመለሰ። መምህርቷ ኮስተር ብለው «ልቀቁ ብለሽ ነው እኮ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ማን ይያዝ? አንዷ ትራስ ነከሰች፣ አንዷ ተንከባለለች፣ አሠልጣኟ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ወዲያው ሁሉም ተነሥተው ወደ በሩ ሮጡ፤ መጸዳጃ ቤቱ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ጥናቱን የሚመራው ሐኪም ጫጫታውን ሰምቶ ሲመጣ፣ የሴቶች ሰልፍ ኮሪደሩ ላይ እግሩን አጣምሮ እየሳቀ ጠበቀው።

«ምን ተፈጠረ? ልኬቱ ተበላሸ ማለት ነው?»

«ምን ይበላሻል ዶክተር!» አለች እትዬ ፍሬን ከሰልፉ መሐል። «ይመዝኑት እንጂ፤ ዛሬ ምርታችን ደርሷል!»

ሐኪሙ ወደ ግድግዳው ዞረ። ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

የዚያን ዕለት ቤቷ ገብታ ለባሏ ሁሉን ዘረገፈችለት።

«እኔ እኮ የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር» አላት።

«ዳገቱን እንጂ አንተን መቼ ጠላሁ!»

እንቅስቃሴውን ወንዶችም ይሠሩታል ስትለው እሱም ሶፋው ላይ ተቀምጦ ጀመረ። ትንሿ ልጃቸው የተኮማተረ ፊቱን አይታ፣ «አባዬ፣ ሆድህን አመመህ?» አለችው።

ጥናቱ ሲያበቃ የእትዬ ፍሬን ሞዴስ ሚዛኑ ላይ ምንም አልጨመረም ማለት ይቻላል። በቡድን መሥራቱ ይሁን ለብቻ፣ የትኛው እንደበለጠ ገና እየተሰላ ነው፤ እሷም ጉንፋን ሲይዛት አንዳንዴ ትንሽ ያመልጣታል። ቢሆንም ባለፈው እሑድ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ ግቢ ውስጥ ከልጇ ጋር ገመድ ዘለለች። አማቷ በረንዳ ላይ ሆነው «ኧረ ይቺ ሴት አበደች!» ሲሉ፣ «ይምጡ እማማ፣ ገመዱ ይበቃናል!» ብላ ጮኸችላቸው።