የይሁኔ የጣት አሻራ

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር ተነሣሁ። መድረሻዬ አርብ ገበያ ነው። በቦርሳዬ ከአንድ ወታደራዊ ማቆያ የወጣ የምርመራ መዝገብ ቅጂ ይዣለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት ይህንኑ መዝገብ ይዤ፣ ይሁኔ የተባለ ወታደር አብሮት የታሰረውን የአገሩን ልጅ ደሴን በጣት አሻራው ፈርሞ በፈቃዱ በሰጠው ቃል እንዳጋለጠ በጋዜጣ ጽፌ ነበር። ደሴ በዚያ ቃል ተፈርዶበት እስር ቤት ሞተ።

ባለፈው ወር መዝገቡን ለሌላ ሥራ ስገልጥ ከመጨረሻው ገጽ አንድ የክሊኒክ ወረቀት አገኘሁ። ይሁኔ ቃሉን ከመስጠቱ ከሁለት ቀን በፊት ስለ እሱ የተጻፈ ነው፦ «የሁለቱም እጅ ጣቶች ተሰብረዋል፤ ብዕር መያዝ አይችልም።» ወረቀቱ ያኔም እዚያው ነበር።

ጉና ላይ ብርዱ በሚኒባሱ መስኮት ይገባል፤ ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው። ንፋስ መውጫ ሽሮ በልቼ አደርሁ።

አርብ

ወደ አርብ ገበያ የሚወስደው መንገድ አቧራማ ነው። ገበያተኛው አህያውን እየነዳ ዳር ዳሩን ይሄዳል። ጤፍ የጫኑ አንድ ሰው የይሁኔን ቤት ስጠይቃቸው፣ «ፈራሚውን ነው?» አሉኝ። በአካባቢው የሚጠራው በዚህ ስም ነው።

ይሁኔ ደጃፉ ላይ ተቀበለኝ። ጣቶቹ እንደ ተጣጠፉ ቀርተዋል። የጻፍኩበትን ጋዜጣ ከሣጥን አወጣና አንድ መስመር አሳየኝ፦ «ማንበብና መጻፍ የማይችለው ወታደር»። በፊርማ ፋንታ አሻራ አይቼ የገመትኩት ነበር።

«ቤተ ልሔም ድጓ ተምሬአለሁ» አለኝ። «ከመዝመቴ በፊት ዳዊት እየጻፍሁ ነበር የምኖር። ማንን ጠይቀህ ነው?»

ማንንም አልጠየቅሁም። ይሁኔ ካሣም፣ አዲስ ዜናም አልፈለገም። ከተፈታ ጀምሮ ከመንደሩ የጽዋ ማኅበር እንደ ተለየ፣ የማኅበሩ ሙሴ ማለትም ሰብሳቢው የደሴ አባት አያ ፈንታ እንደሆኑ ነገረኝ። በማግሥቱ ማኅበርተኛው ስለሚሰበሰብ፣ ያሳየሁትን የክሊኒክ ወረቀት ከቃሉ ጋር እዚያ እንዳነብለት ብቻ ለመነኝ።

ቅዳሜ

ሁለቱንም ገጽ በሰው ፊት አነበብኩ። ይሁኔ በር አጠገብ ቆሟል።  አያ ፈንታ የክሊኒኩን ወረቀት ተቀብለው ገለባበጡት።

«ይህ እስካሁን የት ነበር፣ ልጄ?»

«እኔ ዘንድ።»

«ሰሞኑን ያገኘኸው ነዋ?»

«አይደለም፣ አባቴ። ስድስት ዓመት መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም።»

ትንሽ አዩኝ። ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«እኔም ይህን ሁሉ ዘመን ፊቴን አዙሬበት ኖርሁ» አሉና ጽዋውን ይዘው ወደ በሩ ሄዱ። የይሁኔ ጣቶች ጽዋውን አልጨበጥ ስላሉ፣ ሽማግሌው ራሳቸው ይዘው አጠጡት።

ለእኔ በብርጭቆ ጠላ ቀረበልኝ። ጽዋው ወደ እኔ አልዞረም፤ ይዞራል ብዬም አልጠበቅሁም።

እሑድ

ማታ ባሕር ዳር ገባሁ፤ የጋዜጣውን እርማትም ያኔውኑ ጻፍኩ። «መዝገቡን ሙሉውን ሳላነብ ጻፍኩ» ብዬ ጀመርኩ። በሃያ ዓመት የሥራ ዘመኔ የተደበቀ ወረቀት ሳሳድድ ኖሬአለሁ። ይሄኛውን ማንም አልደበቀውም። የይሁኔን ጣቶች የሰበሩት ሰዎች መዝገቡን ከነማስረጃው አስረው አስቀመጡት፤ እንደኔ ያለው አንባቢ እስከዚያ ገጽ እንደማይደርስ ሳያውቁ አልቀሩም።