ተተኪሽን አምጪና ሂጂ

አዲሱን ሥራ ያገኘሁት ከአሮጌው መሥሪያ ቤቴ ብዙም ሳልርቅ፣ እዚያው ካዛንቺስ ነው። ከኮሪደሩ መስኮት አንገቴን ብቅ ካደረግሁ፣ ልገባበት የነበረው ሕንፃ ጣሪያ ላይ የተተከለው ትልቅ ዲሽ ይታየኛል። በእግር ቢኬድ የጫማ ቀለም የማያስለቅቅ መንገድ ነው። ያችን ታህል መንገድ ለመሻገር የጎደለኝ አንድ ወረቀት ነበር፤ መልቀቂያ።

ዘመኑ የኮምፒውተር ሰው እንደ ሲሚንቶ የሚፈለግበት ነበር። ባንኩም፣ ሆቴሉም፣ ኤንጂኦውም ኔትወርክ ይዘረጋል፤ ዘርግቶ ሲያበቃ የሚጠብቅለት ሰው ይፈልጋል። ኮሌጅ ደግሞ በየፎቁ ነው፤ ታች ጫማ ቤት፣ ላይ ኮሌጅ። ሰርተፍኬት የያዘው ሰው ታክሲውን ሞልቶታል፣ ሥራውን የሚችለው ግን ጥቂት ስለሆነ ቀጣሪዎች እርስ በርስ ይነጣጠቁታል። እኔም ዘግይቶ ነጣቂ መጣልኝ።

የምሠራው አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነበር። ድሮ ሻይ ይፈላበት የነበረ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰርቨሩን አስገቡና እኔንም አብረው አስገቡኝ። የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ እንኳ ከግድግዳው አልተነቀለም፤ ላዩ ላይ ጣውላ ጥዬ ኬብል አስቀምጥበታለሁ። ማሽኑ እንዳይግል ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ ይነፍሳል። በሚያዝያ ሙቀት እኔ ሹራብ ለብሼ እቀመጣለሁ። ሰው ስጨብጥ ከጣቶቼ ቅዝቃዜ የተነሳ «ደህና ነሽ?» ይለኛል። የዓመት ዕረፍት ስጠይቅ «አንቺ ከሌለሽ ማን አለን?» ብለው ሲመልሱኝ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደስ ይለኝ ነበር፤ መወደድ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። በሬም እኮ በእርሻ ወቅት ይወደዳል።

ስለዚህ የአዲሱ መሥሪያ ቤት የቅጥር ኃላፊ፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴትዮ፣ ደውላ «ፈተናውን አልፈሻል። መቼ መጀመር ትችያለሽ?» ስትለኝ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ቆሜ «የወር ጊዜ ስጡኝ» አልኳት። «ጥሩ፣ እንጠብቅሻለን። መልቀቂያሽን ይዘሽ ነይ» አለችኝ።

የአስተዳደር ኃላፊያችን ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ ጡረታ የተቃረቡ ሰው ነበሩ። ክፉ አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ማመልከቻዬን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡና «የት ልትሄጂ ነው?» አሉኝ። «የተሻለ አግኝቼ ነው» አልኩ እንጂ ቦታውን አልተናገርኩም። ያን ጊዜ የሚሄድበትን የሚናገር ሠራተኛ የለም፤ አለቃ ስልክ አንስቶ ያበላሻል ይባላል።

«መሄዱን ሂጂ ልጄ፣ ማን ይከለክልሻል» አሉ ወረቀቱን እያጠፉ። «ግን ያንን ማሽን አንቺ ላይ ጥለን ሌላ የሚያውቀው ሰው የለንም። ተተኪሽን አምጪና ሂጂ።»

ጥዬ እንዳልወጣ እጄ ታስሯል። ድርጅቱ ለስልጠና ሲልከኝ ተያዥ ሆኖ የፈረመልኝ አጎቴ ነው፤ እኔ ብጠፋ ፍርድ ቤት የሚመላለሰው እሱ ነው። ስለዚህ የራሴን ተተኪ ፍለጋ ጀመርኩ።

እናቴ ግን ስልኩ በተደወለ ዕለት ለሰፈሩ አዳርሳው ነበር። ቤታችን ከባምቢስ ሱፐርማርኬት ጀርባ ነው። ጠዋት ወጥቼ ዋናው መንገድ እስክደርስ ድረስ ባለሱቁም፣ የዕድራችን ገንዘብ ያዥም፣ ልብስ የምታሰጣዋ ጎረቤትም «እንዴት ነው፣ ጀመርሽ?» ይሉኛል። «ልጀምር ነው» እላለሁ። ይህን እያልኩ ወደ አሮጌው ቢሮ እሄዳለሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በላይ በኩል መዞር ጀመርኩ። አንድ ቀን እናቴን «ምን አስቸኮለሽ፣ ሳይያዝ?» ብዬ ተቆጣኋት። «ደስ ስላለኝ ነዋ» አለችኝ።

ማስታወቂያው ወጣና ሲቪ በካርቶን ተሞልቶ መጣ። እኔ ከጋሼ ጋር ቁጭ ብዬ እለያለሁ። ግማሹ አንድ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ይመስላል፤ ሁሉም «በጫና ውስጥ መሥራት እችላለሁ» ይላል፤ ሁሉም ትርፍ ጊዜውን መጽሐፍ በማንበብ ያሳልፋል። አዲስ አበባ ያን ያህል አንባቢ ከተማ መሆኗን ያወቅሁት ያን ሰሞን ነው።

የተግባር ፈተናው ቀን መብራት ሄደ። መብራት በፈረቃ የሚመጣበት ጊዜ ስለነበር የእኛ ተራ መሆኑን ማስታወስ ነበረብን፤ ማንም አላስታወሰም። ጀነሬተሩ ደግሞ ናፍጣ የለውም። ተፈታኞቹ ክራቫታቸውን አስረው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። ጋሼ ትንሽ አሰቡና «ከሩቅ የመጣ አለ፣ አይመለሱም። በወረቀት ይሥሩት» አሉ። «ጋሼ፣ የተግባር እኮ ነው» ብላቸው «በወረቀት ላይ ይተግብሩት» አሉኝ።

እናም ኮምፒውተር ሊጠግኑ የመጡ ሰዎች የጠፋ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ወረቀት ላይ ይጽፉ ጀመር። አንዱ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ ያንቀሳቅሳል፤ ኪቦርድ እንደሚነካ ሰው። ጣቶቹ የሠሩትን ከዚያ ወረቀቱ ላይ ይገለብጣል። አንደኛ የወጣው እሱ ነው። አንዲት ልጅ ደግሞ አንዱን ጥያቄ ባዶ ትታ ከሥሩ «ይህን አላውቀውም፤ ማሽኑ ቢበራ ግን ሞክሬ አገኘው ነበር» ብላ ጽፋለች። እሷ ሁለተኛ ወጣች፤ ተጠባባቂ ተባለች።

ልጁን ማሠልጠን ደስ ይል ነበር፤ አንድ ጊዜ የነገርኩትን ሁለተኛ አያስነግርም። አሁንስ ወጣሁ ብዬ ሹራቤን ከወንበሩ ጀርባ ለማንሳት ስዘጋጅ፣ አንድ ቀን ከሥራ በኋላ መስቀል ፍላወር ወስዶ ማኪያቶ ጋበዘኝ። ስኳሩን እያማሰለ «በቃ ሲስ፣ ባንክ ጠርቶኛል» አለኝ። «ማለቴ፣ ብሩ በጣም ነው የሚመቸው። ቅር እንዳይልሽ።»

«መልቀቂያስ ማን ይሰጥሃል?»

«የምን መልቀቂያ? ሙከራ ላይ ነኝ እኮ። ቋሚ ያልሆነ ሰው መልቀቂያ የለውም። ዛሬ ወጣሁ ካልኩ ወጣሁ ነው።»

እውነቱን ነው። ገና የገባው እንደ ንፋስ መውጣት ይችላል፤ ዕድሜዬን የገበርኩት እኔ ነኝ የታሰርኩት። ማኪያቶዬን ጨረስኩ። መናደድ ነበረብኝ፤ ግን እኔም በእሱ ቦታ ብሆን የማደርገው ያንኑ ነው። በማግስቱ ለሴትየዋ ደውዬ ጊዜ እንድትጨምርልኝ ለመንኳት። «ትንሽ እንጠብቅሻለን» አለች። ያቺ «ትንሽ» የምትለዋ ቃል ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ቆየች።

ተጠባባቂዋ ልጅ ተጠራች። ቤተሰቦቿ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ አባቷ እዚሁ ከተማ ቡልጋሪያ የሚባለው ሰፈር የመኪና ዕቃ መሸጫ ሱቅ አለው። መጀመሪያ «እርስዎ» ትለኝ ነበር። «እኔ አላረጀሁም፣ አንቺ በዪኝ» ብላት ሳምንት ሙሉ ሁለቱንም እያምታታች ስታስቀኝ ከረመች። ክፍሉ እንደሚበርድ ስነግራት የወንድሟን ወፍራም ጃኬት ይዛ መጣች፤ እጅጌው ጣቶቿን ይሸፍናቸዋል። ለዓመታት ተድበስብሶ የኖረውን የኬብል ጥልፍልፍ ከገንዳው ሥር ተንበርክካ ፈታችው፤ በእያንዳንዱ ላይ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ጽፋ በፕላስተር ለጠፈችበት። ማሽን ሲበላሽ አትደነግጥም፣ የማታውቀውን አውቃለሁ አትልም። ከስንት ጊዜ በኋላ ምሳዬን ከሰው ጋር መብላት ጀመርኩ። ወደድኳት፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ጋሼ ዘንድ ገብቼ «ተተኪዬ ደርሳለች» አልኳቸው።

«አይቻታለሁ፣ ጎበዝ ናት» አሉ። «እንግዲህ የሙከራ ጊዜዋን ትጨርስና ቋሚ ትሁን። ያኛው ልጅ የሠራንን አይተሻል። ከዚያ ያንቺን እፈርማለሁ። ምን ያስቸኩልሻል ልጄ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እኔን የሚጠብቁኝ እንቁላሉ እስኪሄድ አይደለም» ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «እሺ ጋሼ» ብዬ ወጣሁ። ለሴትየዋ ስደውል «እስቲ እናያለን» አለችኝ። ቀጥሎ ስደውል ስብሰባ ላይ ናት ተባለ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ይጠራል እንጂ የሚያነሳው የለም። ጠዋት ጠዋት የኮሪደሩን መስኮት ሳላይ ማለፍ ለመድኩ። እናቴም «መቼ ነው?» ማለቷን ተወች፤ ጎረቤቶቹንም እሷው ሳትመክራቸው አልቀረችም፣ አንድ ሰሞን ሁሉም ስለ አየሩ ብቻ ያናግረኝ ጀመር። ሰው ሲያዝንልኝ አልወድም፤ ያን ጊዜ ግን እሱም ግድ አልሰጠኝም።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ልጅቷ ምግቡን ትታ ታጥፎ የተቀመጠ ጋዜጣ ከቦርሳዋ አወጣች።

«የሆነ ነገር ልጠይቅሽ ነበር» አለችኝ። «ማለቴ… ሥራ ለመቀየር ፈልጌ አይደለም። ማስታወቂያውን አባቴ ነው ያየው። ላመልክት እንዴ? አንቺ ተይ ካልሽኝ ወላሂ እተወዋለሁ።»

ጋዜጣውን ተቀበልኳት። ማንበብ አላስፈለገኝም፤ በቃሌ የማውቀው ማስታወቂያ ነው። መሥሪያ ቤቱ ያው፣ መደቡ ያው፣ የሚጠየቀው ልምድ ያው። ከሥሩ ብቻ አንድ አዲስ ነገር ተጨምሯል፤ ባስቸኳይ ሥራ መጀመር የሚችል ይላል። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኸው ነው። የእኔን ቦታ መልሰው እንዳወጡት የሰማሁት ከተተኪዬ አፍ ነው።

ምንም አልተሰማኝም። ጥርሱን ሊነቀል መርፌ የተወጋ ሰው ጉንጩን ሲነካው የሌላ ሰው ጉንጭ እንደሚመስለው፣ እኔም ስለ ሌላ ሰው እንደማነብ ሆንኩ። ልጅቷ ላይ ልቆጣ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። የት ልሄድ እንደነበር የምታውቀው ነገር የለም፤ የደበቅኳት እኔ ነኝ። ብነግራት ጋዜጣውን እዚያው ትቀደዋለች። ብትቀደውም ደግሞ ቦታው ወደ እኔ አይመለስም፣ አይቼው ለማላውቅ ሰው ይሄዳል።

«አመልክቺ» አልኳት።

«እውነትሽን ነው? ስለ እኔ የሚመሰክር አለቃ ስልክ ጻፊ ይላል። ያንቺን ልጻፍ?»

«ጻፊ።»

እጄን ይዛ ሳመችኝ። «ኡ፣ እጅሽ በረዶ ነው» አለች። ማቀዝቀዣው ነው አልኳት።

ለፈተናም አስጠናኋት። ምን እንደሚጠይቁ ስለማውቅ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ እያነሳሁ አስመለስኳት። «ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው?» ስትለኝ «ሁሉም ቦታ የሚጠየቀው አንድ ነው» አልኳት። አመነችኝ። ተፈትና የመጣች ዕለት ፊቷ በርቶ ነበር፣ የነገርኳት ሁሉ መጥቶላታል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ እሷ ምድር ቤት ፕሪንተር ለማስተካከል ወርዳ ሳለ፣ የክፍሉ ስልክ ጮኸ። አነሳሁት። ዝግ ያለው ድምፅ ነው። ከየት እንደምትደውል ነገረችኝ፣ የልጅቷን ስም ጠራችና ያለቃዋን ምስክርነት እንደምትፈልግ ገለጸችልኝ። ማንነቴን አልጠየቀችም፤ እኔም አልነገርኳትም።

«ሰዓት ታከብራለች?»

«ከኔ ቀድማ ነው የምትገባው።»

«በጫና ውስጥ መሥራት ትችላለች?»

«ትችላለች። ሲቪዋ ላይ ስለተጻፈ አይደለም።»

ትንሽ ሳቀች። እስክሪብቶዋ ሲጫር ይሰማኛል። ከዚያ «ድምፅሽን የማውቀው መሰለኝ» አለችኝ።

«ሊሆን ይችላል» አልኩ።

አልገፋችበትም፤ ወይ አላስታወሰችኝም፣ ወይ አስታውሳኝ ዝም ማለቱ ይሻላል ብላለች። እስከ ዛሬ አላውቅም። ጉሮሮዋን ጠረገችና ወደ መጨረሻው ጥያቄ አለፈች።

«መቼ መጀመር ትችላለች?»

ለዚህ ጥያቄ ስንት መልስ ስሰጥ ከርሜአለሁ፤ ወር፣ ትንሽ ጊዜ፣ ተተኪዬ ስትደርስ፣ ጋሼ ሲፈርሙ።

«ነገ» አልኳት። «ሙከራ ላይ ስለሆነች መልቀቂያ አያስፈልጋትም።»

ሴትየዋ አመስግና ስልኩን ዘጋች። እኔም ሌላ ማስታወቂያ እንዲወጣ ለጋሼ ልነግራቸው ወረድኩ።