የአባቴ ጆሮና የሞተሩ ዙር

አባቴ የድጓ መምህር ናቸው፤ እኔ ልጃቸው ሞተር እጠግናለሁ። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ሴት ልጅ ድጓ አትማርም ብትባል ምን ታድርግ፣ ጩኸት ያለበት ሌላ ሙያ ፈለግሁ እላለሁ እኔም። ቀልድ ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ ቀልድ አይደለም።

ጋራዤ ባሕር ዳር፣ ጀልባዎች ከሚታሰሩበት ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። የጀልባ ሞተር፣ የመስኖ ፓምፕ፣ መብራት ሲጠፋ ሱቆቹ የሚያስነሷት ትንሽ ጄኔሬተር ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል። አባቴ ጧት ተማሪዎቻቸውን አስተምረው ሲጨርሱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይመጡና በሩ አጠገብ ካለው የእንጨት ዱካ ላይ ይቀመጣሉ። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የማያውቃቸው ተኝተዋል ይላል። ጉባኤያቸው ላይም እንዲሁ ናቸው፤ ተማሪው ሲያዜም ጨፍነው ይሰማሉ፣ አንዲት የዜማ ርክርክ ከጎደለች "ተመለስ!" ይላሉ። ስድብ አይጨምሩበትም፤ ተማሪውን "ተመለስ" ትበቃዋለች።

አንድ ሞተር ጠግኜ ስጨርስ የቀረው ሥራ ሚኒሞውን ማስተካከል ነው፤ ሞተሩ ምንም ሳይጎትት ዝም ብሎ ሲዞር የሚኖረውን ፍጥነት ማለቴ ነው። ካቻቢቴዬን ካርቡራተሩ ላይ ካለችው ብሎን አገናኝና አባቴን አያለሁ። "ጨምሪለት" ይላሉ። "ትንሽ መልሺው።" ከዚያ እጃቸውን ከጋቢው ያወጣሉ፤ "እዚያው ተይው።" አለቀ። ባለ ጀልባዎቹ ይህን በዓይናቸው ካላዩ ሞተራቸውን አይረከቡኝም። የኔታ ያልሰሙት ሞተር ሐይቅ አይወርድም ይላሉ። ከይፋግ ድረስ ፓምፑን አስጭኖ የሚመጣም አለ፤ ለእኔ ጥገና ሳይሆን ለእሳቸው ጆሮ። ይህ አንዳንዴ ያበሽቀኝ ነበር። ግሪስ የጠጣው የኔ እጅ፣ ምስጋናው የሳቸው ጆሮ!

ዙር መለኪያ አለችኝ። በእጅ የምትያዝ ትንሽ ዕቃ ናት። የሞተሩን ክዳን ከፍቼ ቮላኖው ላይ፣ ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ክብ ብረት ላይ፣ አንዲት የምታብረቀርቅ የወረቀት ቁራጭ እለጥፋለሁ፣ ሞተሩን አስነሥቼ የመለኪያዋን ቀይ ብርሃን አበራበታለሁ፤ ቁራጯ ባለፈች ቁጥር እየቆጠረች ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ትናገራለች። ለጄኔሬተር ብቻ ነበር የማወጣት። የጄኔሬተር ዙር ከተዛባ የሰው ፍሪጅ ያቃጥላል፤ እዚያ ላይ ቀልድ የለም። ለጀልባ ሞተር ማውጣት ግን አባቴን በሰው ፊት ማረም መስሎ ይታየኝ ነበር። እሳቸውም አንድ ቀን አገላብጠው አዩዋትና "ዓይን አላት እንጂ ጆሮ የላትም" ብለው መለሱልኝ።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ወደ ደቅ ደሴት ሰው የሚያመላልስ ባለ ጀልባ ሞተሩን አሸክሞ መጣ። ሞተሩን እኔ ዘንድ ካሠራ ብዙም አልቆየም።

"እታለም፣ እንዳትቀየሚኝ" አለ። "ማርሽ ሳስገባ ጀልባዋ ዘለለችብኝ። አንዲት እናት ሎሚያቸውን ይዘው ሊቀመጡ ሲሉ ወደቁ። ክንዳቸው ተሰብሮ ወጌሻ ዘንድ ናቸው።"

ቁጣ ይቀድመኛል። "ምኑን ነካካኸው?" አልሁት።

"ማርያምን ምንም አልነካሁ! የኔታ እንዳሉት ነው ያለ።"

ወደ አባቴ ዞርሁ። እዚያው ቅርባችን ተቀምጠዋል። የተናገረው በሹክሹክታ አልነበረም፤ ስማቸውንም ጠርቷል። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው፣ ሰውዬው ገና አሁን የገባ ይመስል፣ "እንዴት ዋልህ ልጄ፣ ከደቅ ነው የመጣህ?" ብለው ፈገግ አሉ። ባለ ጀልባው እኔን አየ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

አባቴ ወደ ቤት ሲሄዱ ሞተሩን በርሜል ውሃ ውስጥ አቁሜ አስነሣሁትና ለካሁት። ከዘጠኝ መቶ ብዙ መራቅ ያልነበረበት ሞተር አንድ ሺህ አምስት መቶ አለኝ። በዚህ ዙር ማርሽ ሲገባ ጀልባ ባይዘል ነው የሚገርመው። አላመንሁም። ቮላኖው ላይ የድሮ ቁራጭ ቀርቶ ከሆነ መለኪያዋ እጥፍ ትቆጥራለች፤ እባክህ እንዲያ ይሁን ብዬ ተመኘሁ። አጠፋሁት፣ ቮላኖውን ጠረግሁ፣ አንዲት አዲስ ቁራጭ ብቻ ለጠፍሁ። ያው ነው። አጠገቡ ያለውን፣ ያንንም አባቴ የሰሙትን፣ ለካሁ። እሱም ከልኩ በላይ ይዞራል። አባቴ "ገና ነው፣ ጨምሪለት" ማብዛታቸው ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ለካ የጎደለው የሞተሩ ዙር አልነበረም።

ፈራሁ። የፈራሁት ለሞተሩ ብቻ አይደለም። የድጓው ቃል በብራና ቢጻፍም ዜማው የሚሄደው ከአፍ ወደ ጆሮ ነው። ተማሪ ስቶ መምህሩ ዝም ካለው፣ ስሕተቱ ትምህርት ሆነ ማለት ነው። ይህን ለአባቴ ማን ይነግራቸዋል? ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጆሯቸው ሌላ ሀብት አልነበራቸውም።

ሆድ ይፍጀው አልሁና ያዝሁት። "እዚያው ተይው" ሲሉኝ እሺ እላለሁ፤ ሲሄዱ ዙሩን በመለኪያዋ አወርደዋለሁ። ጀልባዎቹ መዝለል ተዉ። እኔ ግን ሰላም አጣሁ። ደንበኛው ላይ እጮሃለሁ፣ ብሎን ይጠፋኛል፣ አባቴ ሲጠሩኝ ሆድ ይብሰኛል። ለምን አረጁብኝ ብዬ እናደድባቸውም ነበር። በእርጅና ሰው ይናደዳል?

አንድ ጧት ያ የደቁ ባለ ጀልባ እንቦጭ ተጠምጥሞበት ሞተሩን መልሶ አመጣው። አጽድቼ በርሜሉ ውስጥ አስነሣሁት። አባቴ ተነሥተው መጡና፣ ከዚያ በፊት ሲያደርጉት አይቼ የማላውቀውን፣ መዳፋቸውን ከሞተሩ ጎን አሳረፉ። ብዙ ቆዩ።

"ይህ እኔ የተውሁት አይደለም። ያን ለት ተይው ስልሽ እንዲህ ነክቼው ነበር፤ መንቀጥቀጡ ሌላ ነው። ማን ዝቅ አደረገው?"

ነክተውት እንደነበር አላየሁም። ጆሯቸውን ራሳቸውም ጠርጥረው ኖሯል።

"ራሱ ወርዶ ይሆናል፣ አባባ።"

"ሞተር ራሱን ያርማል?"

ካቻቢቴዬን አንሥቼ መጥረግ ጀመርሁ።

"ያችን ዕቃሽን አምጫት" አሉ።

አመጣኋት። ዱካቸው ላይ ተመልሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ጨምሪለት" አሉ። ጨመርሁ። "ገና ነው።" ጨመርሁ። የበርሜሉ ውሃ ይናጥ ጀመር፤ ባለ ጀልባው ቀስ ብሎ ወጣ። "ጨምሪለት... እዚያው ተይው።" ፊታቸው ላይ እርካታ አየሁ። ያን እርካታ ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

"ስንት አለች?"

"ልክ ነው፣ አባባ። ዘጠኝ መቶ።"

ተነሥተው መጡ። እጄን ከነመለኪያዋ ይዘው ወደ ራሳቸው አዞሩት። "ዓይኔ ደኅና ነው" አሉ። ቁጥሩን አነበቡ።

ሞተሩን አጠፋሁት። እንባዬ መጣ፤ ግሪስ በነካው እጄ ጠረግሁት።

"አንቺን አልወቅስም" አሉ። "ከጾሙ ወዲህ ግን ከተማሪዎቼ አንዱንም 'ተመለስ' ብዬው አላውቅም። በረቱልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።"

"በርትተው ይሆናላ፣ አባባ።"

"እንደ ሞተርሽ?"

ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ። "በዚሁ መሀል አንዱን ጨርሰሃል ብዬ መርቄ ሰድጄዋለሁ" አሉ። "ደቅ ላይ ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል።" ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። "ሞተሩን በቁጥሩ አድርጊው። ከዚህ ሰውዬ ጋር ነገ እሻገራለሁ። ከነተማሪዎቹ ያዚምልኝ።"

"እኔም አብሬዎት እመጣለሁ።"

ወደ ደጅ ሄዱና በሩ ላይ ቆሙ። ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ "ግን ሄጄስ፣" አሉ፣ "በምን እሰማዋለሁ?"