ግድግዳውን በስቶ ያለፈው እንጨት

ልጅ ሳለሁ፣ ከአየር ጤና ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ አምስት ቤቶች በአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተደጋግፈው የቆሙበት ግቢ ውስጥ እንኖር ነበር። ከጎረቤታችን ከጋሽ በቀለ የሚለየን አንድ ያረጀ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ፣ እሳቸው ሲያስነጥሳቸው እናቴ ከወዲህ «ይማርዎት» ትላቸው ነበር። ጋሽ በቀለ አናጢ ነበሩ፤ ያንን መደዳ ቤት ከሠሩት አንዱም እሳቸው ናቸው። ክረምት ላይ መብራት ሲጠፋ ከሰል ምድጃቸው ዳር ቁጭ ብዬ፣ ፍሙ ፊቴን እየለበለበኝ፣ የፋኖሱ ጭስ ዓይኔን እያስለቀሰኝ ተረታቸውን እሰማለሁ።

ያኔ ታናሽ ወንድሜ ተወለደና ቤቱ ጠበበን። አባቴ ለእኔ መኝታ የሚሆን ቆጥ ሊሠራ ቆረጠ። አላሠራ ያለው ጣሪያውን የተሸከመው አግዳሚ እንጨት ነበር። እንጨቱ ግድግዳው ውስጥ የሚያልቅ ስለመሰለው፣ እዚያው ግድግዳው ሥር ቆርጦ በእኛ በኩል ቋሚ ሊያቆምለት አሰበ። ነውር እንዳይሆን ቅዳሜ ከሰዓት ለጋሽ በቀለ ነገራቸው።

«ነገ ያንን አግዳሚ ቆርጠን ትንሽ እናንኳኳለን፤ ይታገሱን ጋሼ።»

«ምን ገዶኝ ልጄ፤ ቤትህ አይደል?»

ባለፈው ዓመት ሲታመሙ አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሳቸው አባቴ ነው። እሱን «ተሳስተሃል» ማለት ለእሳቸው ውለታ መብላት ነበር።

የዚያን ምሽት የነገሩኝ ተረት አጭር ነበር። ሁለት ወንድማማቾች የታመመች እናታቸውን በቃሬዛ ተሸክመው ሲሄዱ፣ የፊተኛው ደከመውና ዞር ብሎ ሳያይ ትከሻውን ከሸክሙ አወጣ።

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ከዚያማ አባትሽን ጠይቂው። ዛሬውኑ ጠይቂው፤ እሱ መሸከም ያውቃል።»

መጨረሻ የሌለው ተረት ተነግሮኝ አያውቅምና አኮረፍኩ። ሳልጠይቀው ተኛሁ።

እሑድ ጠዋት የመጋዝ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። አባቴ መሰላል ላይ ሆኖ እንጨቱን እስከ ግማሽ ድረስ ዘልቆታል። አቧራ ይራገፋል፣ ጣሪያው ሲጢጥ ይላል፣ ከግድግዳው ማዶ ጋሽ በቀለ ያስላሉ። ኩርፊያዬ ገና አልወጣልኝም፤ ዳቦዬን እያኘክሁ ተረቱን ነገርኩትና «የኋለኛውስ ምን ሆነ? አባትሽን ጠይቂው ብለውኛል» አልኩት።

መጋዙ ቆመ። አባቴ እንጨቱን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ ከዚያ ጭቃውን በቢላ ይፈረፍር ጀመር። እንጨቱ አላለቀም፤ ግድግዳውን በስቶ ወደ ጋሽ በቀለ ቤት ያልፋል። የእሳቸውንም ጣሪያ የተሸከመው ይኸው እንጨት ነው።

«እናትሽን ጥሪና ውጡ» አለኝ በሹክሹክታ፣ ድምፁ ጣሪያውን የሚጥለው ይመስል። ቋሚውን ከእንጨቱ ሥር ሰክቶ ወደ ማዶ ሮጠ። እኔም እናቴን ጠርቼ ተከተልኩት።

ጋሽ በቀለ ለብሰው፣ ጫማቸውን አድርገው፣ ልክ እንጨቱ ሥር አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ እያወቁ? ምነው ወጥተው እንኳ ቢቆሙ?»

«ሥራህን ያላመንኩ ይመስልሃል ብዬ ነው።»

አባቴ እጃቸውን ይዞ አወጣቸውና ደጃፉ ላይ አለቀሰ። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እንጨቱ በብረት ታስሮ ቆየ፤ ቆጡም ሳይሠራ ቀረ። አሁን ሳስበው እናደድባቸዋለሁ። የሰው ነፍስ በሰባት ዓመት ልጅ ምላስ ላይ ይጣላል? ከእሳቸው ይልቅ ግን የሚያሳፍረኝ አኩርፌ የተኛሁት እንቅልፍ ነው። ጋሽ በቀለ እስኪያርፉ ድረስ ተረት መንገራቸውን አልተዉም፣ እኔም መሄዴን። ነገር ግን ስለ ጅብና ስለ አህያ ሲያወሩልኝ እንኳ የተደበቀ ነገር ያለበት ይመስለኝ ነበር። ጨርሰው ዝም ሲሉ «አለቀ?» እላቸዋለሁ፤ «አለቀ» ይሉኛል፤ እኔ ግን ወደ ቤት ሮጬ ለአባቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳልነግረው አልተኛም።